የቡአ ቀዶ ሕክምና ለምታስቡ፦ የሪፈር ወረቀታችሁን ሳታነቡ ከጤና ጣቢያ አትውጡ

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ወፍጮ ቤት አለኝ፤ ውሎዬ ጆንያ በማንሳት ነው። በቀኝ ብሽሽቴ ላይ እብጠት ሲወጣ፣ ቆሜ ስሠራ ይገፋል፣ በጀርባዬ ስተኛ ተመልሶ ይገባል። ጎረቤቶቼ ወጌሻ ይሽህ አሉኝ። እሺ አላልኩም፤ እናንተም አትበሉ። ቡአ ማለት የሆድ ግድግዳ ሲሳሳ አንጀት ወይም ሞራ በክፍተቱ ገፍቶ ሲወጣ ነው። ወንዶች ላይ የሚበዛው የዘር ቱቦ ወደ ቆለጥ የሚወርድበት ቦታ ከተፈጥሮው ደካማ ስለሆነ ነው። ክፍተቱን እሽትም ሆነ ቀበቶ አይደፍነውም፤ መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው።

ጤና ጣቢያ ምርመራው አጭር ነበር። ቆሜ እንዳስል አድርገው በእጅ ዳሰሱኝ፣ አለቀ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ስለሆንኩ ሪፈር ተጻፈልኝ። መከራዬ የጀመረው ከዚህች ወረቀት ነው።

በቃል የተነገረኝ የብሽሽት ቡአ ነው። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን «የሆድ ሕመም» ነው። ገና ሳይነጋ ወጥቼ፣ ታክሲ ለዋውጬ ሆስፒታል ደረስኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አየችና፣ «አባት፣ ይህ ውስጥ ደዌ ነው» አለችኝ።

«ልጄ፣ ብሽሽቴ ላይ ነው፤ ለቀዶ ሕክምና ነው የላኩኝ።»

«ወረቀቱ እንደዚያ አይልም።»

ውስጥ ደዌ ተሰልፌ ዋልኩ። ሐኪሙ ገና እንዳየኝ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መራኝ፤ እዚያ ደግሞ የመድን ሠራተኛው «ከሪፈሩ ጋር አይጣጣምም፣ ተስተካክሎ ይምጣ» ብሎ መለሰኝ። ጤና ጣቢያ ስመለስ የጻፈው ባለሙያ ፈቃድ ላይ ነው፤ የእርሱን ጽሑፍ ሌላ ሰው አይነካም። አዲስ ይጻፍልኝ ስል፣ የቀድሞው መዝገብ ላይ ስላለ አይቻልም ተባልኩ። ደጅ ጠንቼ፣ ለምኜ፣ በመጨረሻ ኃላፊዋ ራሷ ጻፈችልኝ። ይህኛው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ማኅተሙ የመድን ቁጥሬ ላይ ተመትቶ፣ ሐምራዊው ቀለም የመጨረሻዎቹን አኃዞች ውጧቸዋል። ሆስፒታሉ «ቁጥሩ አይነበብም» ብሎ እንደገና መለሰኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንድ ባለሙያ ሁለት ቃል በትክክል ቢጽፍ ኖሮ ሥራ ፈትቼ አልንከራተትም ነበር፤ ከእኔ ጋር የተሰለፉት አቅመ ደካሞችማ በምን ጉልበት ይመላለሱ?

ስለዚህ ጠረጴዛው ፊት ቆማችሁ አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ያስነብብ። «የቀኝ ብሽሽት ቡአ፣ ለቀዶ ሕክምና» ይበል። ቁጥሩ ይነበብ፤ ማኅተሙ ባዶ ቦታ ላይ ይመታ። ቢገላምጧችሁም አትነቃነቁ።

ቀዶ ሕክምናው ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ፣ የወጣውን አንጀት መልሰው ክፍተቱ ላይ የሳሳውን ግድግዳ የሚያጠነክር የሕክምና መረብ ሰፉበት። መረቡን ከሆስፒታሉ ውጭ ግዙ ስለተባልን ገንዘብ ይዛችሁ ሂዱ። ቆለጤ አብጦ ሲጠቁር ደነገጥኩ፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥምና በራሱ የሚጠፋ መሆኑን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ትኩሳትና መግል ግን ሐኪም ይፈልጋሉ። ስታስሉ ቁስሉን በእጃችሁ ደግፉ፤ ሆድ እንዳይደርቅ ውሃና አትክልት አብዙ።

ሐኪሙ መጀመሪያ «ካላስቸገረህ መጠበቅም ይቻላል» ብሎኝ ነበር። በሕክምናው የታወቀ ምክር ነው፤ ለእኛ ለዳር ነዋሪዎች ግን አይሆንም ባይ ነኝ። የወጣው አንጀት አንዴ ታንቆ ከቀረ ደም ይቋረጥበታል፣ በሰዓታት ውስጥም ሊሞት ይችላል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኛ ሰፈር መኪና ከየት ይመጣል? ሆስፒታል አጠገብ የሚኖር ይጠብቅ፤ እናንተ በደህናችሁ ቀን ተሠሩ። እብጠቱ ጠጥሮ አልመለስ ካለ፣ ካመመና ካስመለሳችሁ፣ ያን ጊዜ ሪፈር ፍለጋ አትዙሩ። ምግብም ውሃም ሳትቀምሱ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ፤ የመድኑን ጉዳይ ዘመድ ከኋላ ይጨርሰው።