ባሕር ማዶ ሆናችሁ የእኅታችሁ ድምፅ ሲለወጥባችሁ

ጅዳም ይሁን ቤሩት፣ ከጎጃም ለወጣ ሰው የቤቱ ወሬ የሚደርሰው በኢሞ ነው። ዱላ ደግሞ በኢሞ አይታይም። ድሮ ወሬዋ የማያልቅ እኅት አሁን "ደኅና ነኝ" ብቻ ትላለች፤ እሷን ስትጠይቁ ባልዋ ይመልሳል። ቪዲዮ ስትሉ ኔትወርክ ታመካኛለች፤ ከከፈተችም ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ ነው። የላካችሁት ብር የት እንደገባ አታውቅም፣ እናቷ ቤት ከሄደች ከርማለች። አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል፤ ከተደራረበ ግን ጠይቁ። ስልክ መንጠቅ፣ ገንዘብ መከልከልና ከዘመድ መነጠልም ጥቃት ነው።

ስትጠይቁ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ሊሆን ይችላል። "ብቻሽን ነሽ?" በሏትና በአዎ ወይም በአይ ብቻ ትመልስ። ቀድማችሁ የምትግባቡበት ቃል ያዙ፤ "በርበሬው አለቀ" ካለች "ቶሎ አክስቴን ላኩልኝ" ማለት ይሁን። ከጥሪው በኋላ የጥሪውን መዝገብ ከስልኳ ታጥፋ።

ባልዬውን ደውላችሁ አትዛቱበት! እናንተ ስልኩን ዘግታችሁ ትተኛላችሁ፤ ቁጣውን የምትቀበለው አጠገቡ ያለችው እሷ ናት።

"አንቆኝ ነበር" ካለች ሌላው ሁሉ ይቆይ። አንገቷ ላይ ምልክት ባይኖርም ድምፅዋ ከሻከረ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃታት ወይም ራሷን ስታ ከነበረ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። አንዴ ያነቀ ሰው ሌላ ጊዜ ሊገድል የሚችልበት ዕድል ከፍ ያለ ነው።

ተደፍራ ከሆነ ሰዓት ቁጠሩ። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጀመራል፤ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ በዘገየ ቁጥር ግን ይደክማል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ቤተሰብ መጀመሪያ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያ የፖሊስ ደብዳቤ ሲል ሦስት ቀኑ ያልቃል። ሕክምናው ደብዳቤ አይጠብቅም። ከመመርመሯ በፊት አትታጠብ፤ ልብሷ በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለል። ፌስታል ውስጥ ከሆነ ይሻግታል፣ ማስረጃውም ይጠፋል።

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣና ባሕር ዳር ሆስፒታል አለ። መንገድ ከተዘጋ ግን ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይሻላል። መድኃኒቱ መኖሩን ከተማ ያለ ዘመድ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከውጭ ሆናችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ትልቅ ሥራ ይህ ነው።

ለተደበደበ ገላ ፎቶ ይነሣ፦ አንዱ ከሩቅ ፊቷ እየታየ፣ አንዱ ከቅርብ ሳንቲም አጠገቡ ተቀምጦ መጠኑ እንዲታወቅ። ከሁለት ቀን በኋላ ሲበልዝ እንደገና ይነሣ። ፎቶው ወደ እናንተ ይላክና ከስልኳ ይጥፋ።

ሽማግሌ ለእርቅ ይበጃል፤ አስገድዶ መድፈርን ግን ሽማግሌ ሊዘጋው አይችልም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ሕጉ የሚለው "ከጋብቻ ውጭ" ነውና ባሏ የደፈራት ሴት በዚህ አንቀጽ አትሸፈንም፤ ይህ ክፍተት ያሳዝነናል። ድብደባው ግን በአንቀጽ 564 ያስከስሰዋል። ባሕር ዳር ያለው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቅርንጫፍ፣ የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ያለ ክፍያ ያማክራሉ።

ብዙ ሴት ከቤት የማትወጣው "መሬቴ ይቀራል" ብላ ነው። የይዞታ ደብተሩ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶው ያለበት ከሆነ፣ ቤት ለቃ ስለሄደች መብቷ አይጠፋም። ደብተሩን ፎቶ ታንሣው፤ ከመታወቂያዋና ከጋብቻ ወረቀቷ ጋር ጎረቤት ዘንድ ታስቀምጠው። የመንገድ ብር ስትልኩ በቴሌብር ወደ እሷ ስልክ አትላኩ፤ መልእክቱ ሲገባ ባልዬው ያየዋል። ለአክስቷ ላኩት።