በመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ዙሪያ የዋልንበት ቀን

ዛሬ ከአካባቢያችን ወጣቶች ጋር፣ በምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያም፣ እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካሠሯት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዙሪያ ቁጥቋጦ ስንመነጥር ዋልን። ሥሩ በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ ማያያዣውን ፈልቅቆታል፤ ስበን ብንነቅለው ግንቡም አብሮ ሊወርድ ስለሚችል፣ ግንዱን ብቻ በመጋዝ ቆርጠን ሥሩን እዚያው ተውነው። ከሣሩ ውስጥ የአበባ ቅርጽ የተፈለፈለበት ጥርብ ድንጋይ ብቅ ሲል አንዱ ልጅ ሊያነሣው እጁን ሰደደ፤ አንድ አረጋዊ ቄስ ግን «ተው ልጄ፣ ከወደቀበት አታንቀሳቅሰው» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነሣ ከየትኛው ግድግዳ እንደ ወረደ ማወቅ ይከብዳል። ፎቶ አንሥተን፣ ከግንቡ ያለውን ርቀት ለክተን በደብተር ጻፍን። እንዲህ ያለ ድንጋይ ለቤት መሠረት ሲወሰድ ማሰብ አንጀቴን ያቃጥለዋል። ቅዳሜ በሰሜኑ ጎን እንቀጥላለን፤ መጋዝ ያላችሁ ይዛችሁ ኑልን።