የአጎቴ መኪና ጎርፍ ከገባባት በኋላ

ኤሌክትሪክ መኪና ውሃ ከገባባት አለቀላት ይባላል። ይህን ክረምት ስንቱ ሰው ነገረኝ! ጋራዥ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። እኔ ግን አላምንበትም። የአጎቴን ኒሳን ሊፍ ጓሯቸው ውስጥ ፈታተን ስናደርቅና ስንጠግን ከረምን። ያየሁትን ሳልረሳው ልጻፈው።

አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መኪናዋን ከልጆቻቸው ጋር አዋጥተው ነው የገዟት። ያገለገለች ናት፤ ባትሪዋ ባለ 40 ኪሎዋት ሰዓት። የነዳጅ ሰልፍ ስለመረራቸው ነው ወደ ኤሌክትሪክ የዞሩት። አንድ ቀን ገርጂ አካባቢ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው ሕንፃው ምድር ቤት አቆሟት። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ደጅ ያለው የውሃ ማፍሰሻ በፕላስቲክና በአፈር ተደፍኖ ኖሮ የመንገዱ ጎርፍ በሙሉ ወደ ምድር ቤቱ ገባ። ሲወርዱ ውሃው የወንበሩ መቀመጫ ላይ ደርሷል። ኢንሹራንሳቸው የሦስተኛ ወገን ብቻ ስለሆነ ከዚያ በኩል የሚጠበቅ ነገር የለም።

ደውለው መጀመሪያ የጠየቁኝ "ልጄ፣ አስነስቼ ላውጣት እንዴ?" ብለው ነው።

"ኧረ ጋሼ፣ እንዳይነኳት! ቁልፉንም ከአጠገቧ ያርቁት" አልኳቸው።

ቁልፉ ሲቀርብ መኪናዋ ልትነቃ ትችላለች። ውሃ ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ መንቃት የለበትም። ውሃው ብቻውን ብዙ ጊዜ አይገድለውም፤ የሚገድለው እርጥብ እያለ ኤሌክትሪክ ሲሄድበት ነው። ሥራዬ የሕንፃ ሊፍትና ጄኔሬተር ጥገና ስለሆነ ይህንን በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ጎትተን እንዳንወስዳትም ከለከልኩ። የፊት ጎማዎቿ ከሞተሩ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሞተሩ ውስጥ ቋሚ ማግኔት አለ፤ ጎማው ሲሽከረከር ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ስለዚህ አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ በጭነት መኪና መጣች።

ወደ ቤት ከመውሰዳችን በፊት ሁለት ጋራዥ ጠይቀናል። አንደኛው "ታጥባ ትሞከራለች፣ ችግር የለም" አለን። ሌላው ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍት "ባትሪው ሙሉ በሙሉ ይቀየር" አለ። የጠራው ዋጋ ሌላ መኪና ሊገዛ ምንም አይቀረው። ሁለቱም ቴስተር አላወጡም። በጣም ያናደደኝ ይህ ነው። አንዱ በድፍረት፣ ሌላው በፍርሃት ተናገረ፤ ሳይለኩ መናገራቸው ግን አንድ ነው። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባ ላይ ያለ ልኬት ፍርድ ሲሰጥ ማየት ያማል።

ፍሎሪዳ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ጉዳዩን ስትሰማ ደንግጣ ደወለችልኝ። እዚያ በመስከረም 2015 አጋማሽ ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ የባሕር ውሃ ከተማ ውስጥ ካስገባ በኋላ፣ ውሃ የነካቸው ኤሌክትሪክ መኪኖች ቆይተው እሳት ተነስቶባቸው ነበር። ስጋቷ እውነት ነው። የባሕር ውሃ ደርቆ ሲሄድ ጨው ትቶ ይሄዳል። ጨውና እርጥበት ባትሪው ውስጥ ሲገናኙ ኤሌክትሪክ በማይገባው መንገድ ይሄዳል። ባትሪው ከብዙ ትንንሽ ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ አንዱ ሕዋስ ይግላል፣ ጎረቤቱን ያግላል፣ ከዚያ ማቆሚያ የለውም። እሳቱ በዕለቱ ላይነሳም ይችላል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ሩቅ ናት። የእኛ ጎርፍ የዝናብ ውሃ ነው፤ ጭቃና የፍሳሽ ቆሻሻ ቢኖርበትም እንደ ባሕር ጨዋማ አይደለም። ይህ ተስፋ ሰጠኝ እንጂ አላዘናጋኝም። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን እንዲህ ያለ መኪና ከቤት ቢያንስ 50 ጫማ፣ ማለትም 15 ሜትር ያህል ይራቅ ይላል። የአጎቴ ጓሮ ደግነቱ ሰፊ ነው። ጎመን ከሚተክሉበት አልፈን አጥሩ ጥግ አቆምናት። ከላይ ሸራ ወጠርንላት፣ ጎንና ጎኗን ግን አየር እንዲያገኝ ክፍት ተውነው። ልጆች እንዳይጠጉ ተነገራቸው።

ከዚያ የባለ 12 ቮልቱን ባትሪ ኔጌቲቭ ፈታሁ። ከወንበሮቹ በታች ያለው ትልቁ ባትሪ ግን ሌላ ዓለም ነው። 192 ሕዋሳት አሉት። ሲሞላ ወደ 400 ቮልት ይጠጋል፤ ያውም ዲሲ፣ አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ። ቤታችን የሚገባው ኤሲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል፤ ብልጭታ ቢነሳ የመጥፋት ዕድል ያገኛል። ዲሲ ዜሮ የለውም። ብልጭታው ከተነሳ ይቀጥላል። ሊፍት የለመደ እጅ እዚህ መኩራት የለበትም።

ስለዚህ ባለ 1000 ቮልት የላስቲክ ጓንት አደረግሁ፤ ከላዩ ደግሞ የቆዳ ጓንት። ላስቲኩን በየጊዜው ከማድረጌ በፊት አፉን ጠቅልዬ አየር አምቄ እጨምቀዋለሁ። ከጣቶቹ መሐል ትንሽ እንኳን "ሽ" የሚል ድምፅ ካለ ይጣላል። ባልደረባዬ ደረቅ እንጨት ይዞ አጠገቤ ይቆማል፤ ድንገት ብያዝ በእጁ ሳይሆን በእንጨቱ እንዲገፋኝ። ብቻዬን አንድም ቀን አልነካኋትም።

የአገልግሎት ማቋረጫው ፕላግ ከኋላ ወንበር ፊት፣ ወለሉ መሐል ላይ ነው፤ ከምንጣፉ ሥር። ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ኪሴ ውስጥ እስካለ ድረስ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ፕላጉ ሲወጣ ባትሪው መሐሉ ላይ ለሁለት ይቆረጣል። ውስጡ ያለው ጉልበት ግን የትም አልሄደም። የባትሪውን ዲሲ ለሞተሩ ወደ ኤሲ የሚቀይረው ኢንቨርተር ውስጥ የተጠራቀመው እስኪወርድ ከ10 ደቂቃ በላይ ጠበቅን፤ ለክተን ዜሮ መሆኑን ካየን በኋላ ነው ብርቱካናማዎቹን የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዶች የነካነው።

ከሥራው ሁሉ አድካሚው ግን ባትሪው አልነበረም፤ ምንጣፉ ነው። ላዩን ስታየው ደርቋል። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ስትጫነው ቡናማ ውሃ ይተፋል፤ ሽታው ደግሞ አይጣል ነው። ወንበሮቹን በሙሉ አወጣን። ስፖንጁን ቀደን ጣልነው። ከሥሩ የገመድ እሽጎች፣ ቦዲው ላይ የሚታሰሩ የግራውንድ ቡሎኖች፣ በየቦታው ትንንሽ ሶኬቶች ተገኙ። እያንዳንዱን ነቀልን። በንጹሕ ውሃ አጠብን፣ ቀጥሎ በአልኮል፣ ከዚያ በኮንታክት ክሊነር። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 ፐርሰንት አልኮል ለዚህ አይሆንም፤ የቀረው ውሃ ነው። ኬሚካል ከሚሸጡ ሰዎች 99 ፐርሰንቱን ፈልገን አመጣን።

አክስቴ መጀመሪያ ከሩቅ ነበር የሚያዩን። ትንሽ ቆይተው በርጩማ አምጥተው ተቀመጡ፤ የጥርስ ብሩሽ ይዘው የሶኬቶቹን ጭቃ ማጽዳት ጀመሩ። ከእኔም ከባልደረባዬም የተሻለ ትዕግሥት ነበራቸው። አጎቴ የእያንዳንዱን ሶኬት ቦታ በደብተር እየጻፉ ቁጥር ለጠፉበት። መምህርነታቸው እዚያ ላይ ወጣ።

ከዚያ መለካት። ፕላጉ ከወጣበት ቦታ፣ ከባትሪው በኩል ካሉት ጫፎች ወደ ቦዲው ለካሁ። ቮልቴጁ ብቅ አለና ወዲያው ወደ ዜሮ ወረደ። ቆሞ ቢቀር ኖሮ ባትሪው ውስጥ እርጥበት ወደ ቦዲው መንገድ ከፍቷል ማለት ነበር። ልቤ ትንሽ ተረጋጋ። የሊፍ ባትሪ በታሸገ ብረት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውሃም በውስጡ አይዞርም። ክብደቱ 300 ኪሎ ገደማ ነው። ሣጥኑን እንዳንከፍተው ወሰንኩ። ልኬቱ ክፈት ካላለኝ ጓሮ ውስጥ፣ በክረምት፣ ክዳኑን ማንሳት እርጥበት መጋበዝ ነው።

የባትሪውን ተራ ስጨርስ ከባትሪው የተለያዩትን ኬብሎችና ዕቃዎች ከመሥሪያ ቤት በተዋስኩት ሜገር በ500 ቮልት አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ሜገር ኤሌክትሪክ ወደ ቦዲው እንዳይሾልክ ኢንሱሌሽኑ ምን ያህል እንደሚከላከል በኦም ይለካል፤ ቁጥሩ በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ለዲሲ ቢያንስ በአንድ ቮልት 100 ኦም ይላል፤ ለ400 ቮልት 40 ሺህ ኦም ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ወለል ነው። ጤነኛ መስመር በሚሊዮኖች ነው የሚለካው። ሞተሩ ደህና፣ ኮምፕሬሰሩ ደህና። የመኪናዋን ውስጥ የሚያሞቀው ማሞቂያ መስመር ላይ ስደርስ ቁጥሩ ወደቀ።

ዳሽቦርዱን ፈትተን ሶኬቱን አገኘነው። ከውጭ ምንም አይታይበትም። ስነቅለው ግን የጎማ ማሸጊያው ከንፈር ላይ ፀጉር የምታህል የደለል መስመር ተጋድማ ነበር። በእሷ በኩል ውሃ ሰርጎ ገብቷል። አንደኛው የመዳብ ጫፍ አረንጓዴ ዱቄት አብቅሏል። "ታጥባ ትሞከር" ያለውን ሰው ሰምተን ቢሆን ኖሮ 400 ቮልቱ የሚሄደው በዚህ በኩል ነበር። አጽድተን፣ በፀጉር ማድረቂያ አድርቀን፣ ማሸጊያውን ቀይረን ደግመን ስንለካ ቁጥሩ ወደ ሚሊዮኖቹ ተመለሰ። አጎቴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የሜገሩን መርፌ አዩና "እንግዲህ ተናገረች" አሉ።

ሌላው ሥራ ማንኛውም መካኒክ የሚያውቀው ነው። የካምቢዮው ዘይት ወተት የነካው ሻይ መስሎ ወጣ፤ ንጹሕ ሆኖ እስኪወርድ ደጋግመን ቀየርነው። ሁለት ኩሽኔታ ከሶማሌ ተራ ተገዛ። ፍሬኑ ተፈቶ ተጸዳ።

የኤርባጉ ኮምፒውተር ላይ ግን ክርክር ነበር። የተቀመጠው መሐል ላይ፣ ወለሉ ጋ ስለሆነ ውሃው ውስጥ ሰንብቷል። "አድርቀን ብንመልሰውስ?" የሚል ሐሳብ መጣ። ዋጋው ቀላል አልነበረምና ሐሳቡ ይገባኛል። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ሶኬት ታጥቦ ይለካል። ኤርባግ ግን በሚያስፈልግበት ቅጽበት ይሠራ እንደሆነ በሜገር አይታወቅም፤ ሳያስፈልግም ሊፈነዳ ይችላል። አጎቴም ጨከኑ። ቁጥሩ ትክክል የሆነ ዕቃ በሰው ከዱባይ መጣ። እስኪመጣና የዳሽቦርዱ መብራት እስኪጠፋ የልጅ ልጆቻቸው እንዳይሳፈሩ እሳቸው ራሳቸው ከለከሉ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ካገደ ወዲህ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። ክረምቱ ደግሞ በየዓመቱ ይመጣል፤ ቱቦዎቻችንም ይታወቃሉ። የቶዮታ ሞተር በድምፁ ብቻ ምን እንደጎደለው የሚነግሩን መካኒኮች አሉን። በዚህ አገር መኪና የሚያህል ነገር በቀላሉ አይጣልም፤ እነዚህ ሰዎች ናቸው ሲያኖሩልን የኖሩት። አሁን የጎደላቸው ችሎታ አይደለም። ጓንቱ፣ ሜገሩና የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠናው ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለዚህ ፈጥነው ቢነሱ የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ ይተርፋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የወጣቶቹ ሕይወት። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ያለ ጓንት ብርቱካናማ ኬብል የሚጎትት ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ፕላጉን የመለስነው ፀሐይ በወጣ ጠዋት ነው። መኪናዋ "ዝግጁ" የሚለውን አረንጓዴ ምልክት ስታበራ አክስቴ እልል አሉ። እኔ ገና ነበርኩ። ሊፍ ስፓይ በሚባለው የስልክ አፕ የሕዋሳቱን ቮልቴጅ አየሁ። መስመሩ ሁሉ እኩል ቆሟል፤ ብቻውን የወረደ የለም። ኢንሱሌሽን ተበላሽቷል የሚለው ኮድም የለም። ቻርጅ ያደረግናት ውጭ፣ በዝግታ፣ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ነው።

አሁን አጎቴ ይነዷታል። ቻርጅ የምትደረገው ግን እስካሁን ጓሮ ነው። አንድ ደላላ ታጥባና አምራ አይቷት ጥሩ ዋጋ ጠርቶ ነበር። አጎቴ መጀመሪያ ያወጡለት ያንን ደብተር ነው፤ ጎርፍ የገባባት ቀን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። አሜሪካ እንዲህ ያለ መኪና በባለቤትነት ወረቀቱ ላይ "ጎርፍ የነካው" ተብሎ ይጻፍበታል። እዚህ አጎቴ በራሳቸው እጅ ጻፉት። ደላላው ዋጋውን ሲያወርድ አልሸጥም አሉ።

ዝገት ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ሥራው አላለቀም። መስቀል ሲያልፍ ሜገሩን እንደገና እዋሳለሁ፤ የማሞቂያውን መስመር መጀመሪያ፣ ከዚያ ሌላውን። ቁጥሮቹ ከክረምቱ ጋር ተቀራራቢ ከሆኑ እስካሁን ሳይገጠም የቆየው ማሞቂያ ይገጠምና ክፍት የተተወው ዳሽቦርድ ይዘጋል። ከወረዱ ባትሪው ይወርዳል። 300 ኪሎ የሚችል የጠረጴዛ ክሪክ ያለው ሰው ከአሁኑ እያፈላለግሁ ነው።