ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ፕሮክሲውን እዩት

እዚህ ሐዋሳ ኢንተርኔት እምቢ ያለው ዴስክቶፕ ጥገና ቤት ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ "ፎርማት ይደረግ" (ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው)። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ሰው የዓመታት ሰነዱንና የልጆቹን ፎቶ የሚያጣው አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ባለመታየቷ ነው።

የፕሮክሲ ችግር ምልክቱ ይሄ ነው። ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፣ ስልካችሁ በዚያው ዋይፋይ ዩቲዩብ ይከፍታል፣ ፒንግ ብታደርጉም ይመልሳል (ፒንግ ሌላ ኮምፒውተር መልስ ይሰጥ እንደሆነ መሞከሪያ ትእዛዝ ነው፣ በፕሮክሲ በኩልም አያልፍም)፣ ብሮውዘሩ ግን አንድም ገጽ አያመጣም። ፕሮክሲ በእናንተና በኢንተርኔቱ መካከል ቆሞ ጥያቄያችሁን የሚያስተላልፍ ሌላ ኮምፒውተር ነው። መሥሪያ ቤቶችና የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ይጠቀሙበታል። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር አቶቴ ሰፈር ወዳለው ቤታችሁ ሲመጣ ታዲያ ሴቲንጉም አብሮት ይመጣል፣ ብሮውዘሩም እዚህ የሌለውን አድራሻ ሲፈልግ ይውላል።

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ፕሮክሲ። "ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር" የሚለው በርቶ ካገኛችሁትና እናንተ ካላበራችሁት አጥፉት። "አውቶማቲካሊ ዲቴክት ሴቲንግስ" የሚለው ይብራ። ክሮምና ኤጅ ይሄንኑ ይከተላሉ። ፋየርፎክስ ግን የራሱ የፕሮክሲ ሴቲንግ ስላለው እሱንም ለብቻው እዩት።

ቢሮ ከሆናችሁ ደግሞ አትገምቱ፤ የፕሮክሲውን አድራሻና የፖርት ቁጥሩን (ከአድራሻው ጋር የሚሞላውን የመግቢያ ቁጥር) አይቲዎቹን ጠይቁ። 8080 ወይም 3128 ሊሆን ይችላል፣ ግን የግድ አይደለም።

አጥፍታችሁት ተመልሶ ከበራ፣ አድራሻውም 127.0.0.1 ከሆነ፣ ያ የራሳችሁ ኮምፒውተር ነው። ውስጡ ያለ አንድ ፕሮግራም መስመሩን እየጠለፈ ነው ማለት ነው። የምታውቁት ቪፒኤን (መስመራችሁን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ካልሆነ ቫይረስ ስካን አድርጉ፣ የማታውቁትን ፕሮግራምም አውጡ።

በቴሌግራም ቻናል የሚለቀቁትን ነጻ ፕሮክሲዎች ዴስክቶፓችሁ ላይ አታስገቡ፣ እባካችሁ። ኤችቲቲፒኤስ ያለበት (አድራሻው በ https የሚጀምር) ገጽ ይዘቱ ቢመሰጠርም የትኛውን ድረ ገጽ እንደምትከፍቱ የፕሮክሲው ባለቤት ያያል። ሰርተፍኬት (ኮምፒውተራችሁ ፕሮክሲውን እንዲያምን የሚያደርግ ፋይል) ጫኑ ካሏችሁና ከጫናችሁ ደግሞ የባንክ ፓስወርዳችሁን ጭምር ማንበብ ይችላል። የጫናችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ሰርተፍኬቱን አጥፉና ፓስወርዳችሁን ከሌላ ኮምፒውተር ቀይሩ።