እንጀራ ተከሶ ዘይት ነጻ ሲወጣ

ክብደት ለመቀነስ ቆርጠው የተነሡ ብዙ ወዳጆቼ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር እንጀራን መተው ነው። ማዕድ ሲቀርብ እንጀራውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ወጡን ብቻ በማንኪያ ይበላሉ፤ «ዛሬ ምንም አልበላሁም» ብለውም ይነሣሉ። እኔ ግን ጥፋቱ ያለው፣ ከእንጀራው ይልቅ፣ ያ ማንኪያ በሚጠልቅበት ወጥ ውስጥ ይመስለኛል።

አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ገደማ ሲሰጥ አንድ ግራም ስብ ግን 9 ይሰጣል። ዘይት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ስብ በመሆኑ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ ወደ 120 ካሎሪ ይይዛል። በቤታችን ዘይት በማንኪያ ሲለካ ብዙም አይታይም፤ ቁሌቱ እስኪያብረቀርቅ ድረስ በዓይን ግምት ይንቆረቆራል። አምስት ማንኪያ የሚያህል ከገባ 600 ካሎሪ ድስቱ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ሽሮውም ሆነ በርበሬው ገና አልተጨመረም። ሽንኩርቱን በመጀመሪያ ያለ ዘይት በደረቁ ማቁላላት፣ ሲይዝ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ መጨመር፣ ዘይቱንም በኋላ በማንኪያ ለክቶ ማግባት የወጡን ጣዕም ሳያጠፋ ካሎሪውን በእጅጉ ይቀንሳል።

በጾም ወቅት በራሱ ጊዜ እከሳለሁ የሚለው ተስፋም የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋና ቅቤ ቢቀሩም፣ በቅቤው ፈንታ ዘይቱ ከበዛና መክሰሱ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ከሆነ ሚዛኑ ላይቀንስ፣ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። (ጾም የተሠራው ለሌላ ዓላማ መሆኑን የሃይማኖት አባቶች ከእኔ በተሻለ ያስረዳሉ።)

ቡናም እንዲሁ ሳይቆጠር ያልፋል። አቦል፣ ቶናና በረካ እያንዳንዳቸው በሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከተጠጡ 24 ግራም ያህል ስኳር ይሆናሉ፤ በመካከል በእፍኝ የሚዘገነው ለውዝ የተቀላቀለበት ቆሎ ደግሞ አለ። ቡናው ራሱ ያለ ስኳር ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል።

በባዶ ሆድ ስለሚጠጣው የሎሚ ውሃ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ስብ አያቀልጥም፣ በጣፋጭ ሻይ ምትክ ከተጠጣ ግን ስኳሩን ያስቀራል። ጤፍ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን) የለውምና አያወፍርም የሚለውም አባባል ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ያገናኛል።

ሆድን በላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ የሚያወጣው ላብ ነው፤ ላቡም ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል። ምግብ በድንገት ሲቀነስ በመጀመሪያው ሳምንት የሚታየው ፈጣን ለውጥም በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ያከማቸውን ግላይኮጅን የተባለ ካርቦሃይድሬት ሲጠቀም ከእያንዳንዱ ግራም ጋር 3 ግራም ገደማ ውሃ አብሮ ይለቃል። በእግረኛ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ መመዘን ርካሽና ምቹ ቢሆንም፣ አንድ ቀን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ሌላ ቀን ከምሳ በኋላ ከነጫማና ከነካፖርት ተመዝኖ ልዩነቱን የስብ ለውጥ አድርጎ መቁጠር አያስኬድም። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ሚዛን መመዘን ይበቃል።