«የተፈተነ ኮድ እኮ ነው»

ትንሹ ሮቦታችን በደንብ ይሠራ ስለነበር፣ የሞተር መቆጣጠሪያውን ኮምፖነንት (የሶፍትዌር ክፍል) እንዳለ አንስተን ትልቁ ላይ ጫንነው። የጻፈው ባልደረባዬ ጎበዝ ልጅ ነው። ኮዱም ንጹሕ ነው፤ በሮስ (ROS፣ የሮቦት ሶፍትዌር የሚሠራበት ማዕቀፍ) ደንብ መሠረት ፍጥነትን በሜትር በሰከንድ ይቀበላል፣ የተጓዘውን ርቀት በሜትር ይመልሳል። ከውጭ ላየው ሰው እንከን አይወጣለትም።

ትልቁ ሮቦት ግን ይፈጥናል። በሰከንድ 0.2 ሜትር ሂድ ስትለው ሳታስበው እግርህ ሥር ይደርሳል። ለልጁ ነገርኩት። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና፣

«ይኸው ሎጉ! 0.2 አዘዝን፣ 0.2 ሄደ። ምኑ ላይ ነው ችግሩ?» አለኝ።

እውነትም ሮቦቱ በመዘገበው ሎግ ላይ የታዘዘውና የተሄደው ፍጥነት መስመሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረዋል።

«በዓይኔ እያየሁት ነው የሚፈጥነው» አልኩት።

«ዓይን ይሸውዳል። ይሄ እኮ የተፈተነ ኮድ ነው። አንዲት መስመር አልነካሁም።»

ያቺ «አልነካሁም» እስካሁን ትከነክነኛለች። ጣጣው እኮ አለመነካቱ ነው። አሪያን 5 ሮኬት በ1996 የጠፋው እንዲህ ሆኖ ነው። የአሪያን 4ን የአቅጣጫ መለኪያ ሶፍትዌር ወስደው ጫኑበት። የአዲሱ ሮኬት አግድም ፍጥነት ከበፊቱ ይበልጥ ስለነበር ቁጥሩ በተመደበለት የ16 ቢት ቦታ ውስጥ አልያዝ አለ። ሮኬቱ በተነሣ 40 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተበታተነ። ያም የተፈተነ ኮድ ነበር፤ የተፈተነው ግን ለሌላ ሮኬት ነው።

ክርክሩን ትቼ ሜትር ይዤ መጣሁ። ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጠፍንና ሮቦቱን 1 ሜትር ሂድ አልነው። ሄዶ ቆመ። ስክሪኑ 1.00 ይላል። ወለሉን ስንለካው 2 ሜትር ሆነ።

ኮዱን ከፈትነው። የጎማው ራዲየስ በትንሹ ሮቦት ልክ 0.05 ሜትር ተብሎ ስሌቱ መሀል ተቀብሯል። የትልቁ ጎማ ራዲየስ 0.10 ነው። ኮዱ ፍጥነቱን ወደ ሞተር ዙር ሲቀይርም፣ የኢንኮደሩን (የጎማውን ዙር የሚቆጥረውን መሣሪያ) ዙር ወደ ርቀት ሲመልስም በዚያችው ቁጥር ነው የሚያሰላው። በመሄጃው የገባው ስህተት በመመለሻው ይጣፋል። ሎጉ ንጹሕ የሆነው ለዚህ ነው። ሮቦቱ ለራሱ ራሱ ምስክር ሆኖ ሲቆም ከውጭ የሚለካ ነገር ካልመጣ በስተቀር ማንም አይደርስበትም።

ራዲየሱን ከስሌቱ አውጥተን ፓራሜትር፣ ማለትም ከውጭ የሚሰጥ ቁጥር፣ አደረግነው። እዚህም ላይ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ። እሱ «ካልተሰጠው 0.05ን ይውሰድ፤ ለሚጠቀመው ሰው ይቀለዋል» አለ። እኔ ደግሞ ካልተሰጠው ጭራሽ አይነሣ አልኩ። የጎማውን ልክ የማያውቅ ኮምፖነንት ሞተር ማዞር የለበትም። ነገ ሦስተኛ ሮቦት ላይ የሚጭነው ሰው የእኛን ጭቅጭቅ አልሰማም። ኮምፖነንቱ ራሱ «ጎማህ ስንት ነው?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል። አለቃችን ሁለታችንንም አዳምጣ በእኔ ሐሳብ ተስማማች።

ሪፖርቱ ላይ ግን «በጎማ ለውጥ ምክንያት የተፈጠረ ችግር» ተብሎ ተጻፈ። ጎማው ምን አደረገ? ልኩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዲዛይኑ ላይ ተጽፎ ነበር። እንዲታረም ጠየቅሁ። እስከ ዛሬ እንዳለ ነው።