ለልጄ የወላጆች ቀን ከዱባይ ጎንደር መጣሁ፤ በሩ ላይ የገጠመኝ ሌላ ወላጅ እንዳይገጥመው

ልጁን ለእናቱ ወይም ለእህቱ ትቶ በሰው አገር የሚሠራ ወላጅ ሁሉ ሰኔ በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ «ለወላጆች ቀን ትመጫለሽ?» እኔም ዓመት እየቆጠርኩ «በሚቀጥለው» ስል ቆይቼ ባለፈው ዓመት መጣሁ። ጉዞው እንደፈራሁት አልከበደኝም፤ የከበደኝ የትምህርት ቤቱ በር ነው። ስለ ቲኬትና ስለ ፈቃድ የሚመክር ሰው ሞልቷል። ስለዚያ በር ግን አንድም ሰው አላስጠነቀቀኝም።

ቀላሉን አስቀድሜ ልጨርስ። የልጄ ትምህርት ቤት የበዓሉን ቀን የሚቆርጠው የ6ኛ እና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና መቼ እንደሚሰጥ ካወቀ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በሚያዝያ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። ግንቦት ሲያልቅ ቀኑ ታወቀ፤ ቅዳሜ ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡30። በአሠሪዎቼ አቆጣጠር ጁላይ 5 መሆኑ ነው። ፈቃድ ስትጠይቁ ከበዓሉ በኋላ ቢያንስ ሰኞንና ማክሰኞን ጨምሩበት፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ቲኬት ቆራጮች ቦሌ በደረሳችሁበት ዕለት የጎንደሩን በረራ አያይዘው ይሸጡላችኋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ወቅቱ ክረምት ነው፤ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት በአዘዞ ላይ ደመና ከወረደ የአንድ ሰዓቱ በረራ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። አዲስ አበባ እደሩና ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ጎንደር ግቡ። ከውጭ የመጣችሁት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ ለአገር ውስጥ በረራ የምትከፍሉት ዝቅ ስለሚል ሁለቱንም አብራችሁ ቁረጡ። ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና መምጣትን፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ በአሁኑ የጸጥታ ሁኔታ ለማንም አልመክርም።

ልጄ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ክፍሏ ያዘጋጀው ድራማ በእቴጌ ምንትዋብ ላይ ነበር፤ ከቋራ መጥታ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1730 ዘውድ የጫነችውን፣ ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር አገር የመራችውን ንግሥት የምትጫወተው ልጄ ነበረች። ቤታችን ከቁስቋም ግርጌ ነው። እቴጌዋ ያሠራችውን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ልጄ በየቀኑ እያየች ስላደገች፣ ለእሷ ምንትዋብ ማለት የጎረቤት ሴት ናት። ካባዋን አራዳ ያለ ልብስ ሰፊ በጥቁር ጨርቅ ላይ ወርቃማ ጥልፍ አድርጎ ሰፋላት። አክሊሉን አጎቷ ከካርቶን ቆርጦ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ሸፈነው። ዓርብ ማታ እናቴ ሹሩባዋን ስትጎነጉን እኔ ጭንቅላቷን በጉልበቴ ይዤ ነበር፤ እሷም አንገቷ እየተሳበ ለበዓሉ መክፈቻ ብቻዋን የምታነበውን ግጥም ትደጋግምልኝ ነበር። እኔ የመጣሁት በዋናነት ለዚያ ግጥም ነው። ለእናቷ የጻፈችው ነው።

አሁን ወደ በሩ። ትምህርት ቤቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት የጥሪ ካርድ ይሰጣል። ካርዱ ላይ የአሳዳጊው ስምና ፎቶ አለ፤ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። የእኛዎቹ የተሰጡት ልጄን ለሚያሳድጓት ለእናቴና ለወንድሜ ነው። ይህን ስላወቅን ወንድሜ ሐሙስ ዕለት ቢሮ ሄዶ «እናቷ ከውጭ መጥታለች፤ እንዴት እናድርግ?» ብሎ ጠየቀ። «ትምጣ፣ ችግር የለም» አሉት። በቃል ነው እንግዲህ።

ቅዳሜ ማለዳ እናቴ ልጅቷን ለማልበስ ቀድማ ገባች። እኔና ወንድሜ ከ2፡00 ሰዓት በፊት በሩ ላይ ደረስን። ጥበቃው፣ አዛውንት ሰው፣ የወንድሜን ካርድ አይተው አሳለፉት። የእኔን ፓስፖርት አገላብጠው ምክትል ርዕሰ መምህሩን ጠሩ።

«በመዝገባችን ላይ የሉም» አለኝ።

«እናቷ ነኝ።»

«ሊሆኑ ይችላሉ። ማስረጃ ግን ያስፈልጋል።»

ፓስፖርቴ ላይ ያለው የእኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም ነው። ልጄ የምትጠራው በአባቷ ስም ነው። ሁለታችንን የሚያገናኝ አንድም ቃል በእጄ ላይ አልነበረም። ነገር ግን ለምዝገባ የሰጠነው የልደት ምስክር ወረቀቷ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ፋይል ውስጥ አለ፤ «የእናት ስም» በሚለው ላይ ስሜ እስከ አያት ተጽፏል። ፋይሉን ክፈቱት አልኩት። «መዝገብ ቤት ዛሬ ዝግ ነው» አለ። የሐሙሱን ጉዳይ ወንድሜ ነገረው፤ «እኔ አላልኩም» አለ። ልጅቷን ጥሯትና ታየኝ አልኩ፤ «ፕሮግራም ሊጀመር ስለሆነ ተማሪ ማውጣት አይቻልም» አለ። እንግዲያው ምን ላምጣ ብዬ ስጠይቀው «ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ቅዳሜ ጠዋት ነው! ቀበሌ ዝግ መሆኑን እሱም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ ጥበቃውም ያውቃሉ።

ጥብቅነቱን አልቃወምም። በከተማችን ሕፃናት ታግተው ያየነውን ሐዘን የጎንደር ወላጅ አይረሳውም። ልጄን ልቅረብ የሚል ሰው ሁሉ ፊቱ ከፎቶ ጋር ይተያይ፤ እኔም ከአገር ርቄ የምተኛው በዚያ ተማምኜ ነው። ነገር ግን ማጣራት አንድ ነገር ነው፣ ማባረር ሌላ ነገር ነው። ፋይሉ ነበር፤ እናቴ ውስጥ ነበረች፤ የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ነበረች። ከነዚህ ወደ አንዱ ሃምሳ እርምጃ መሄድ ይበቃ ነበር። አልሄደም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ወንድሜን ቢያንስ እንዲቀርጽልኝ ብዬ አስገባሁት። የእናቴ ስልክ አይመልስም። ዝናብ ጀመረ፤ ከጥበቃ ቤቱ ቆርቆሮ ሥር ተጠጋሁ። ብሔራዊ መዝሙሩ ተዘመረ። ከዚያ በድምፅ ማጉያው የልጄ ስም ተጠራ። ግጥሙን ያዳመጥኩት ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነው፤ ማጉያው ሲጮኽ፣ ቆርቆሮው ሲንኳኳ፣ የምትደጋግምልኝን ስንኝ እየጠበቅሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች ጭብጨባው ዋጣቸው።

ጥበቃው ያኔ «ልጄ፣ ቆይኝማ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ይዘዋት የመጡት የክፍል ኃላፊዋን መምህርት ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ፊቷን አይቼው አላውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ግን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ስለ ልጄ ስንነጋገር ከርመናል። «መምህርት፣ እኔ ነኝ» ከማለቴ «ድምፅዎንማ አውቀዋለሁ! ለምን እዚህ ቆሙ?» ብላ እጄን ያዘችኝ። በጥበቃው ደብተር ላይ ኃላፊነቱን ወስዳ ፈርማ አስገባችኝ። ምክትሉ በአጠገባችን አለፈ፤ አንድ ቃል አልተናገረም።

ድራማውን ደረስኩበት። ልጄ ጋቢ በለበሰ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ መኳንንቱን ትቀበል ነበር። አየችኝ። ዓይኗ እኔ ላይ ቆየ፤ ንግግሯን ግን አልሳተችም፤ አክሊሏም አልተነቃነቀም። እስከ መጨረሻው ንግሥት ሆና ጨረሰች። በዚያች ልጅ የተሰማኝን ኩራት ማንም በር አልቀነሰብኝም። ስትወርድ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ግጥሙን ሰማሽው?» ነበር። ሰምቻለሁ አልኳት። አላየኋትም ግን።

ሰኞ የልደት ምስክር ወረቀቷን ይዤ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፋይሉን አወጣ፣ ስሜን አየ፣ ፎቶዬን ከእናቴ ፎቶ ሥር ለጠፈ፤ ሻይ እስኪቀርብ እንኳ አልፈጀም። ፈቃዳችሁ የሥራ ቀን ይጨምር ያልኩት ለዚህ ነው። ብትችሉ ደግሞ ከበዓሉ በፊት ባለው የሥራ ቀን ራሳችሁ ሄዳችሁ ጨርሱት።

ብዙ ሰው በኤምባሲ ውክልና ላኪ ይላል። ኤምባሲ ሰልፍ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ አለበት። ውክልና ለቤትና ለባንክ ጉዳይ ይጠቅማል፤ የገዛ ልጅን ለማየት ግን ውክልና አያስፈልግም፤ ጊዜያችሁን አታባክኑበት። የሚያስፈልገው በምዝገባ ወቅት በአሳዳጊው እጅ ፎቶና የተፈረመ ማመልከቻ ልኮ በፋይሉ ውስጥ ማስገባት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ከመጀመሩ በፊት የተወለደ ልጅ ካላችሁ፣ የያዛችሁት ወረቀት የእናት ስም እንዳለው ከአሁኑ እዩት፤ ቅጂውንም በቦርሳችሁ ያዙ። የርዕሰ መምህሩ ስልክ ሳይሆን የክፍል ኃላፊው ስልክ ይኑራችሁ፤ በየጊዜውም ደውሉለት። «ችግር የለም» የሚል መልስ ስትሰሙ በወረቀት ጠይቁ።

ርዕሰ መምህሩ ስለ ቅዳሜው ይቅርታ ጠይቆኛል። ከምክትሉ እስካሁን ምንም አልሰማሁም። በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ውጭ አገር ለሚኖር ወላጅ ከነፎቶው ቦታ እንዲጨመር በጽሑፍ አመልክቼ፣ በእጄ በቀረው ቅጂ ላይ ማኅተም አስደርጌበታለሁ።